የጋሽ አዛናው ግራ ጎማ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልተናገርኩም። በየጾሙ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ስንቱን ሐሜት፣ ስንቱን ስካር የዘከዘክሁላቸው የነፍስ አባቴ እንኳ ይህችን አያውቋትም። እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለኝም አባ» እላለሁ። አለኝ እንጂ! ስማቸውን የገደልኩባቸው፣ ዛሬም ሲያገኙኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ አንድ ሰው አሉኝ።

ጌጡ እባላለሁ፤ ደባርቅ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ። ጉረኛ ነኝ። ይህንንም እወቁልኝ፣ ኃጢአቴ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። አላይመንት በማሽን የሚሠራው ጎንደር ወርዶ ነው፤ እኔ ግን በሲባጎ እሠራዋለሁ። ሲባጎውን ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ እወጥራለሁ፣ ክፍተቱን በሜትር እለካለሁ፣ የመሪውን ዘንግ እያጠበቅሁ እያላላሁ ጎማዎቹን አቀናለሁ። ስጨርስ ታዲያ ሰፈር እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ «ሲባጎ አይዋሽም!» እላለሁ። እውነቴን ነው፣ ሲባጎ አይዋሽም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ አዛናው የሚኒባስ ሹፌር ነበሩ። መኪናዋ ያረጀች ናት፤ ባለቤቷ አቶ ሙላት የሚባሉ የእህል ነጋዴ ናቸው። ጋሽ አዛናው ጠዋት ከደባርቅ ተነሥተው ሊማሊሞን ወርደው ሰዉን ዛሪማ ያደርሳሉ፣ ከሰዓት ጭነው ይመለሳሉ። ስለ አነዳዳቸው ምን ልበላችሁ? ያን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ዞር ብለው የማያዩት ገደል። እሳቸው ሲነዱ ግን ሰው ይተኛ ነበር! ልጅ የታቀፈች ሴት ከነልጇ ስታንቀላፋ በዓይኔ አይቻለሁ። በየጥምዝዙ ጡሩምባ ይነፋሉ። ሽቅብ የሚያቃስት የጭነት መኪና ከመጣ ጥግ ይዘው ይጠብቁታል። ከብት የሚነዳ ካገኙ ሞተር አጥፍተው ያሳልፉታል። ተሳፋሪው «ኧረ ጋሼ፣ መሸብን» ሲል «ዛሪማ የትም አትሄድም» ይላሉ። ዛሪማ ደርሰው ሰዉ ሲወርድ ደግሞ መኪናዋን ዞረው አራቱንም ጎማ ብረቱ ላይ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ፤ ያተኮሰው ልጅ ግንባር እንደሚዳሰሰው።

አንድ ቀን ይዘዋት መጡ። «ጌጡ፣ ወደ ግራ ትስበኛለች» አሉኝ። ሲባጎዬን ወጠርኩ፣ ለካሁ፣ አቀናሁ። በዳባት መንገድ ነድቼ ሞከርኳት፤ መሪውን ብለቀው እንኳ ቀጥ! ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መጡ። አሁንም ትስባለች። የግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርኩ፤ ነፋሳቸውን አስተካከልኩ፤ እንደገና ለካሁ፤ እንደገና በዚያው በለጥ ያለው የዳባት መንገድ ላይ ሞከርኩ። ቀጥ! ደግመው ሲመጡ ጋራዡ ሰው ሞልቶት ነበር፤ አቶ ሙላትም አብረዋቸው ነበሩ።

«ጠዋት ስነሣ ደኅና ናት» አሉ ጋሽ አዛናው፣ በዚያ በረጋ አንደበታቸው። «ሊማሊሞን አጋምሼ ፍሬን ስደጋግም ነው የምትጀምረኝ። ዛሪማ ስደርስ የፊት ግራ ጎማዋ እጅ አያስነካም፤ ቀኟ ግን ቀዝቃዛ ናት።»

ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? በሽተኛው ቁስሉን በጣቱ እያሳየኝ ነበር። መካኒክ ነኝ ለሚል ሰው ነገሩ በዚያች ቅጽበት ያለቀ ነው፤ ነገሩ የጎማ ሳይሆን የፍሬን ነው። እኔ ግን አልሰማሁም። እኔ የሰማሁት በሰው ፊት ሥራዬ ሲነቀፍ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። «በእኔ እጅ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ በእርስዎ እጅ ትስባለች» አልኳቸው። «መኪናዋ ምንም የላትም። የቀረው የሹፌሩ ገድ ነው!»

ገድ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሌላ ማንም አይደለም። በእኛ አገር ይህች ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣች የሚመልሳት የለም። አቶ ሙላት በዚያ ሰሞን እህላቸው ነቅዞባቸው ምክንያት ሲፈልጉ ነበርና ቃሏን እንደ ጠበል ጠጧት። እዚያው ቆመው የመኪናዋን ቁልፍ ተቀበሉ። ጋሽ አዛናው አልተከራከሩም። ቁልፉን ሰጡ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ «ደኅና ዋሉ» ብለው ሄዱ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በልቻለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ብቻቸውን መጡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ምነው በሰደቡኝ! «የእኔን ነገር ተወው» አሉኝ። «አዲሱ ሹፌር ሊማሊሞን አያውቃትም። እኔ መኪናዋን ክንዴ ለምዷት ነው የምይዛት፤ እሱን ግን ከነሰዉ ገደል ትከተዋለች። ስለ እመብርሃን ብለህ፣ ቁልቁለት ወርደህ ግራ ጎማዋን ዳስሳት።» ይኸው ነው። እንጀራቸውን ወደ ቀማኋቸው ወደ እኔ ደጅ የመጡት እንጀራቸውን ለወሰደው ሰው ሊለምኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። መኪናዋን ከአቶ ሙላት ተቀብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳባት ሳይሆን ወደ ሊማሊሞ ነዳኋት። ገና ሳላጋምሰው መሪውን ከእጄ ነጥቃ ወደ ግራ ሄደች፤ ገደሉ ያለው በግራ ነበር። በሁለት እጄ ተጠምጥሜ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ እንደምንም አቆምኳት። ወርጄ ዳሰስኩ። ግራዋ እሳት ናት፤ ቀኟ ቀዝቃዛ። በክሪክ ባነሣት የግራው ጎማ በእጅ ቢገፉት ንቅንቅ አይልም። የፍሬን ዘይት የሚተነፍስባትን ትንሽ ቡሎን ላላ ባደርጋት ዘይቱ ፊጭ አለ፤ ጎማውም ወዲያው በነፃ ዞረ። ዘይቱን ወደ ፍሬኑ የሚያደርሰውን የጎማ ቱቦ ፈትቼ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ውጪው ደኅና፣ ውስጡ ግን በእርጅና አብጦ ተዘግቷል። ዘይቱ ተገፍቶ ይገባል፣ መመለሻ ያጣል። እግር ከፍሬን ላይ ቢነሣም ፍሬኑ ጎማውን እንደነከሰ ይቀራል።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ባዶ መኪና ይዤ ግማሽ ቁልቁለት ያቃተኝን፣ እኚህ ሰው መኪናዋን ሰው ሞልተው ስንት ጊዜ ወርደውታል! ክንዳቸው እየዛለ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ከኋላቸው ያለው ሰው እንዳይደነግጥ ድምፅ ሳያሰሙ። ያቺም ሴት ከነልጇ እንደተኛች።

የዚያን ዕለት ብናገር ኖሮ ጥፋቴ የአፍ ወለምታ ተብሎ ይቀር ነበር። አልተናገርኩም። ለማንኛውም ብዬ በያዝኩት አዲስ ቱቦ የግራውንም የቀኙንም እዚያው ቀየርኩ፤ መኪናዋን «ሰርቪስ አድርጌያታለሁ» ብዬ መለስኩ፤ አፌን ዘጋሁ። ለምን? «ጌጡ ተሳሳተ» እንዳይባል! ለዚህች ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ከዚያ የሆነውን ስሙ። መኪናዋ በአዲሱ ሹፌር እጅ ሊማሊሞን ቀጥ ብላ ትወርድ ጀመር። ከተማውም «አላልናችሁም? ሹፌር ሲቀየር ዳነች!» አለ። እኔ በምስጢር የጠገንኩት ፍሬን በጋሽ አዛናው ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። ያንን ያስጠገኑኝ ደግሞ ራሳቸው ናቸው። ጠላ ቤት ተቀምጬ ሰዎች ይህን ሲያወሩ እኔ ምን አደረግሁ? አንገቴን ነቀነቅሁ። አዎን፣ እውነት ነው ብዬ ነቀነቅሁ!

ከዚያ ወዲያ ሌላ ባለ መኪና አልቀጠራቸውም። የሰው መኪና ለአንድ ቀን ተውሰው ቢይዙ፣ መሪው ላይ ያየቻቸው ሴት ዘንቢሏን ይዛ ትወርዳለች። ስንቷን ሙሽራ ያደረሱ ሰው፣ ሠርግ ሲሆን ሽማግሌዎች «እሳቸውስ ይቅሩብን» ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ ዳባት አጠገብ ወንድማቸው መሬት ላይ ገብስ ሊያርሱ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ጋራዤ ብቅ ብለው «አየኋት፤ ቀንታለች። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ሰው አተረፍክ» አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። ይህች አሜን ጉሮሮዬ ላይ ናት፤ እስከ ዛሬ አልወረደችም።

በቅርቡ ዳባት ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ገብስ ሊሸጡ ወጥተዋል። እንደ ልማዳቸው ቀድመው ጉልበቴ ድረስ ዝቅ ሊሉ ሲሉ አፍሬ ያዝኳቸው። «ጋሽ አዛናው፣ ያቺ የግራ ጎማ…» ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሡ።

«ተወው፣ ጌጡ። ሳየው የሰነበትኩት እኔ ምኑ ይጠፋኛል? ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ቀጠሉ። «ልጄ ዝናሽ ግን የሰዉን ወሬ አመነችው። ስትወልድ አልጠራችኝም። እግረ ደረቅ የተባለ አባቷ ለሕፃኑ እንዳይከብደው ፈርታ ነው፤ እናት ናት፣ አልፈርድባትም። ድክ ድክ ማለት ጀምሯል አሉ። እኔ ገና አላየሁትም።» ይህን ብለው የልጆቼን ደኅንነት ጠየቁኝ።

እኔ አይቼዋለሁ። የዝናሽ ቤት ከጋራዤ ፊት ለፊት ነው። ልጁ በየቀኑ ደፉ ላይ ይጫወታል፤ ግንባሩ ቁርጥ እሳቸው ነው። መንገዷን ተሻግሬ ልነግራት ስንቴ ተነሥቼ ተቀመጥኩ! ያ ጉረኛ ጌጡ፣ አንዲት መንገድ መሻገር አቃተው። እሳቸው ስላወቁ እኔ ተናገርኩ አይባልም፤ ስለዚህ ይኸው፣ ለሁላችሁም ጻፍኩት። ለነፍስ አባቴም ከዚህ በኋላ እነግራቸዋለሁ፤ ቀድሞ መስማት ያለባት ግን እሷ ናት።

ዝናሽ፣ አባትሽ ገደ ቢስ አይደሉም። ቱቦ ነበር። እኔ በእጄ ሰንጥቄ አይቼዋለሁ፣ አውቄም ዝም አልኩ። እኔን ይቅር አትበይኝ፣ አልለምንሽም። አባትሽን ጥሪያቸው፤ ልጁን ይቀፉት።