መርዶው ሳይደርስ የተቀዳ ድምፅ

ሻይ ቤቴ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ጥግ ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ሾፌሮቹ ሻይና ዳቦ ይዘው ስልካቸው ላይ ይደፋሉ። ድሮ ሰው እየበላ ይጫወት ነበር፤ አሁን ስልኩ ይናገራል፣ ሰው ይበላል። ባለፈው ሳምንት ፉአድ የሚባለው ለፍላፊ ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አመጣና «እማማ፣ ይቺን ይዩልኝ! ጀግና እናት ማለት እንዲህ ናት!» አለኝ።

አንዲት ሴት ነጠላዋን አደግድጋ፣ ልጇን ወደ ጦርነት እንደላከችና ድል አድርጎ እንደሚመለስ ትናገራለች። ከበስተኋላዋ ሙዚቃ ጨምረውበታል። የየትኛው ወገን እናት እንደሆነች አልጠየቅሁም፤ እንዲህ ያለች እናት የሚያጣ ወገን የለም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የተቀዳው መቼ ነው?»

«ዛሬ ነው የተለቀቀው፣ እማማ።»

«የተለቀቀውን መች ጠየቅሁህ? የተቀዳውን ነው።»

ፉአድ ሳቀብኝ። አልፈርድበትም፤ ጥያቄው የእኔ አይደለም። ከእትዬ አስካለ የወረስኩት ነው።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ አጋሮ፣ አንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ ከሴቶች ጋር ቡና እለቅም ነበር። ወቅቱ በጋ ነው። መንገዱ ቀይ አቧራ ብቻ ስለነበር ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ምሳችን ሳይቀር ይቀላል። የቡናው ገለባ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ቀኑን ሙሉ የማያስል አልነበረም። ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ከደህናው እንለያለን። ባለመጋዘኑ እጃችን እንዳይፈዝ ብሎ መስኮቱ ላይ ሬዲዮ አስቀምጦልን ነበር። ሰሜን ላይ ጦርነት ስለነበር ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ያሸንፋል። ጠላት ይደመሰሳል፣ ይማረካል፣ ይፈረጥጣል። ከእኛ ወገን እንቅፋት እንኳ የመታው ያለ አይመስልም። እኛም እናምን ነበር፤ ሬዲዮ ይዋሻል የሚል ሰው ቢኖርም ጮክ ብሎ አይናገርም።

እትዬ አስካለ ከጎኔ ነበር የምትቀመጠው። አንድ ልጇ ጌታሁን ዘምቷል። ዜና ሲጀምር እጇ ቡናው ላይ ቀጥ ይላል፤ ዜናው ሲያልቅ «እሰይ፣ ዛሬም ስሙን አልጠሩትም» ብላ ለቀማዋን ትቀጥላለች። ልጇ ቢሞት ያን ሁሉ የሚያወራ ሬዲዮ ሳይነግራት የሚቀር አይመስላትም ነበር። የዋህነቷን አይተን አንስቅባትም፤ እኛም ያው ነበርን።

አንድ ቀን ከጌታሁን ጋር የዘመተ የአጋሮ ልጅ አንድ እጁን አጥቶ ተመለሰ። ሬዲዮው ከተማ ያዝን ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲጨፍር በዋለበት ዕለት ጌታሁን እንደወደቀ ለሽማግሌዎች ነገራቸው። እድርተኛው ተመካከረ። መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። እህቷ ከቦንጋ እስክትደርስ ተብሎ ለእሁድ ማለዳ ተቀጠረ። እስከዚያ ሁላችንም አፋችንን እንድንይዝ ታዘዝን።

ጋዜጠኛው የመጣው ዓርብ ዕለት ነው። መቅረጫውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ፣ ጫማው አቧራ የጠጣ ትሁት ልጅ ነበር። የዘማች እናት ፈልጎ ነው። አብሮት የመጣው የቀበሌ ሰው ምንም ሳያውቅ እትዬ አስካለን በጣቱ አሳየው። ሚዛን ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ አባ ቢያ፣ ይህን ሲያዩ ጋዜጠኛውን ክንዱን ይዘው እኔ ጆንያ ላመጣ ከሄድኩበት ክምር ኋላ ወሰዱት።

«ልጄ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እሷን ተዋት። ልጇ ሞቷል።»

ጋዜጠኛው ክው አለ። «አልሰማችም እንዴ?»

«አልሰማችም። መርዶው እሁድ ነው። ሌላ ሰው ፈልግ፣ አቦ!»

ልጁ አቀርቅሮ ትንሽ አሰበ። ያዘነም ይመስለኛል። ቀጥሎ ግን «እንዲያውም ካልሰማች ይሻላል፤ ከሰማች በኋላ መናገር አትችልም» አለ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ አባ ቢያ።

ከዚያ በላይ ማን ምን ይበል? አንዳችን ተነስተን «ተይ፣ አትናገሪ» ብንላት ወዲያው ይገባታል። መርዶ መጋዘን ውስጥ አይነገርም። እሷም ክብር ተሰምቷት ገለባውን ከፀጉሯ አራገፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ማይኩ ላይ ጎንበስ አለች።

«ጌታሁንዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። ቆሎህን ቆልቼ አስቀምጬልሃለሁ።»

«ስለ ድሉ ምን ይላሉ፣ እናቴ?» አላት።

«ደስ ይለኛል እንጂ፣ ለምን አይለኝም? ግን በየቀኑ አሸነፍን ትላላችሁ። ካሸነፋችሁ ምን ይሠራላችኋል? ልጄን ላኩልኝ እንጂ።»

ጋዜጠኛው ራሱን ነቀነቀና ወደ እኛ ዞሮ እልል እንድንል ጠየቀን። የቀበሌው ሰው ያየናል፣ እትዬ አስካለም ታየናለች። እልል አልን። እንደዚያ ቀን ምላሴ ደርቆብኝ አያውቅም።

እሁድ ማለዳ መርዶው ተነገራት። ድንኳን ተተከለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ግቢውን ሞላው። ቀትር ላይ ጩኸቷ ሰልሎ፣ እህቷ ደግፋት ተቀምጣ ሳለ፣ አደባባዩ ላይ የተሰቀለው የቀበሌ ድምፅ ማጉያ እንደ ልማዱ ሬዲዮውን ለከተማው ማሰማት ጀመረ። «ጌታሁንዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለ። «ደስ ይለኛል» አለ። ከዚያ የእኛ እልልታ መጣ። ልጄን ላኩልኝ ያለችውን ቆርጠው ጥለውታል።

አባ ቢያ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ሊያስጠፉት ነው። ግን እሁድ ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው፣ የት ሊደርሱ? እትዬ አስካለ ቀና ብላ የገዛ ድምፅዋን አዳመጠች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና «ይተዉአት፣ አባ ቢያ» አለች። «ትናገር። እሷ ገና አልሰማችም።»

ከሐዘኗ በኋላ ወደ ለቀማ ተመለሰች። ምን ታድርግ፣ መብላት አለባት። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ነበር፤ ማሸነፉንም አላቆመም። በእሷው ድምፅ ካሰማው በቀር፣ የጌታሁንን ስም አንድ ቀንም አልጠራም። አንዲት እናት በሬዲዮ ስትናገር በሰማች ቁጥር ግን እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ይሄ የተቀዳው መቼ ነው?» ትለኝ ነበር። እኔም አላውቅም እላታለሁ። ይህንኑ እንደጠየቀች ሞተች። ያ መንግሥት ሄደ፣ ሌላ መጣ፤ ሬዲዮው ቴሌቪዥን ሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ኪስ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ይሻሻላል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ አሁን አልጠብቅም።

ፉአድ ሻዩን ጨርሶ ቪዲዮውን ለጓደኞቹ ላከላቸው። ባጃጅ ተራው ላይ፣ ከየስልኩ፣ ያቺ ሴት ደጋግማ ልጄ ይመለሳል ትላለች። አንዱ «አይዞሽ፣ እናቴ!» ይላታል። ፉአድ «ምነው ዝም አሉ፣ እማማ? አላስደሰተችዎትም?» ሲለኝ ብርጭቆውን አነሳሁለትና ጠረጴዛውን መወልወል ጀመርኩ። ምን ልበለው? መርዶ ሻይ ቤት ውስጥ አይነገርም።