ሳይጠየቅ የመጣ ውሃ

ጎንደር፣ ሰኞ ጠዋት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደባርቅ ድረስ የሚያስኬድ ጉዳይ ይኖረኛል ብዬ አላስብም ነበር። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ያለ አንድ ሎጅ አዳዲስ ሠራተኞችን እንግሊዝኛ እንዳስተምርለት ጠየቀኝ። አሥር ቀን አሠለጥናለሁ፣ እፈትናለሁ፤ ማን እንደሚቀጠር የምወስነውም እኔ ነኝ። ሚኒባሱ አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፍ ብርዱ በመስኮት ገባ። ጥቅምት ነውና ገብሱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል።

ዳባት ላይ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ፊቴን አዞርሁ። በልጃገረድነቴ እዚህ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ። አዲስ አበባ ለእንግሊዝኛ መምህራን ከፍተኛ ሥልጠና ሲወጣ ፈተናውን ያለፍሁት እኔ ነበርሁ፤ ዳይሬክተራችን አቶ ተገኘ ግን ስሜን ሰርዞ የእህቱን ልጅ ላከ። ከዚያ ወዲህ ዳባት ወርጄ አላውቅም።

ደባርቅ

ሠልጣኞቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ አስተናጋጅና አልጋ አንጣፊ ሊሆኑ የመጡ። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ደርበው ይመጣሉ። ስም ስጠራ «ብርቱካን አዳነ ተገኘ» የሚለው ላይ ቆምሁ።

«አያትሽ ዳባት ያስተምሩ ነበር?»

«አዎ መምህር፤ ዳይሬክተር ነበሩ» አለች መሬት መሬት እያየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሌሎቹ ይልቅ እሷን ደጋግሜ ጠየቅኋት። እንድታውቅ ብዬ አይደለም፤ ስትሳሳት ለማየት ነው። ልጅቷ ግን ስትሳሳት አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅና እንደገና ትሞክራለች። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ለብቻዋ ቀርታ ባዶ ወንበሮቹን እንደ እንግዳ በእንግሊዝኛ ታስተናግዳለች።

«ወንበሩ ጉርሻ እንቢ አለሽ?» ይላታል ሙላት የሚባለው ቀልደኛ።

«አንተ ሳቅ። እኔ ካላለፍሁ መተማ ወርጄ ለሰሊጥ አጫጆች እንጀራ ልጋግር ነው።»

ይህን ሰማሁ። ያልሰማሁ መስዬ ጥቁር ሰሌዳውን ጠረግሁ።

ሊማሊሞ፣ የፈተናው ቀን

ፈተናው ሎጁ ምግብ ቤት ውስጥ ሆነ። እኔ ከተራራ የወረድሁ ፈረንጅ መስዬ እገባለሁ። ወረቀቴ ላይ ያለው ግልጽ ነው፤ ሰላምታ፣ መቀመጫ፣ የምግብ ዝርዝር፣ ከዚያ «ምን ልታዘዝ?»። ያልጠየቀ ይወድቃል። ሙላት እንኳ ሳይቀልድ አለፈ።

ብርቱካን ሻንጣዬን ተቀበለችኝ፤ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ ለእጄ ሙቅ ውሃ፣ በሳህን የገብስ ቆሎ ይዛ መጣችና አጠገቤ ቆመች። የምግብ ዝርዝሩ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቀርቷል። ብዕሬን አነሣሁ። ዜሮ ብሰጣት ማንም ለምን አይለኝም።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኋት በአማርኛ።

«መምህር፣ ከብርድ የገባን ሰው ‹ምን ልስጥህ› ይሉታል? አትብላ ማለት አይሆንም? አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንዲህ አላስተማረችኝም።»

አያቷን፣ የዳይሬክተሩን ሚስት፣ አውቃቸዋለሁ። ዳባት የገባሁ ዕለት ዝናብ ደብድቦኝ ዳይሬክተሩ ደጃፍ ስቆም፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ጫማዬን አውልቀው እግሬን በሙቅ ውሃ ያጠቡኝ እሳቸው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የዚያን ቤት በደል ሳሰላስል፣ ያ ውሃ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ብዕሩን አስቀመጥሁ።

«ውሃውንም ቆሎውንም እንዳታስቀሪ» አልኋት። «ግን ሰውየው ቆሎ የሚጎዳው ቢሆንስ? ካቀረብሽ በኋላ ዝርዝሩን ይዘሽ ነይና ጠይቂኝ። ያን ጊዜ አትብላ ያልሽው አይመስለውም።»

ወጥታ እንደገና ገባች። አሁን ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ። የድንች ሾርባ አዘዝሁ። የምር አመጣችው፤ ትኩስ ነበር። አሳለፍኋት።

ዳባት፣ ስመለስ

«ወራጅ አለ!» ያልሁት እኔ ነኝ። አቶ ተገኘ የቤታቸውን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስሜን ስነግራቸው ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ብርቱካን አንቺ እንደምትፈትኛት ነግራኛለች። ልጅቷን ጣልሻት?»

«አለፈች።»

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ያኔ ዕድሉ ያንቺ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

ለዓመታት ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እሳቸው ወደ ቤት ተጣሩና ውሃ መጣልኝ። ጠጣሁት።

ጎንደር፣ ማታ

ቤቴ ስገባ ጨልሟል። ይቅር አልሁ ብዬ አልዋሽም፤ የተሰረዘ ስሜ ዛሬም ያንገበግበኛል። ይህ መንገድ ያሳየኝ ዳባትን ግማሽ ብቻ ሳስታውስ መኖሬን ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ የፈተናውን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ምን ልታዘዝ?» ከሚለው በላይ ጠባብ ቦታ ነበረች፤ እዚያች ላይ «መጀመሪያ ሙቅ ውሃ» ብዬ ጻፍሁ።