የሳምንቶቻችንን ስም የቀየረው ከድር

ጠዋት ሾፌራችን ላዶ ደውሎ «ከድር ማፊ» አለኝ። በጁባ ዐረብኛ «ከድር የለም» ማለት ነው። ከድር ገና ቢሮ አልገባም ማለቱ መስሎኝ «መቼ ይመጣል?» አልኩት። ቆይቶ ሲያለቅስ ሰማሁት።

አሁንም አላመንኩም። ትናንት ወደ ኡጋንዳ በሚወስደው በኒሙሌ መንገድ ሲመለስ መኪናው ላይ ተኩስ ተከፈተ ይላሉ። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም። በዚያው መንገድ ሐሙስ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ጣቴ ፊደል እየሳተ ነው፣ ይቅር በሉኝ።

ለማታውቁት፣ ከድር የደሴ ልጅ ነው። እዚህ ጁባ ኮሎሎ ሰፈር ባለው ቢሮአችን የሰውና የመኪና ጉዞ የሚያቀናጀው እሱ ነበር። ሁላችን በኤክሴል ስንሠራ እሱ የጉዞ ፕሮግራሙን በሙሉ የሚይዘው ጥቁር ስክሪን ባለው የጽሑፍ ኤዲተር ነው። እንስቅበት ነበር። ደንታም የለው።

ኤዲተሩ ከየሳምንቱ ፕሮግራም አናት ላይ «51ኛ ሳምንት»፣ «52ኛ ሳምንት» እያለ ይጽፋል። ከድር ይሄን አይወድም። «ሄለን፣ ቀኑን በስሙ ጥሪው፤ ቁጥር ሰው ያሳስታል» ይለኝ ነበር። ሰበብ እየፈለገ ከኮዱ ጋር መጫወት የሚወድ ነበር የሚመስለኝ።

ዲሴምበር 2013 ከተማው ውስጥ ውጊያ ሲነሳ ሰባት ሆነን ቢሮው ግቢ ውስጥ ተዘጋብን። እኔ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ጠረጴዛ ስር እገባለሁ። ስንወጣ ማን እንደሚያስቆመን፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቀን አናውቅም።

በአራተኛው ቀን ከዋናው ቢሮ ኢሜይል መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች በ52ኛው ሳምንት እሁድ ይበራሉ ይላል። ስሜ አለ። የከድርም አለ። ፕሮግራሙ ላይ ስናይ የ52ኛው ሳምንት እሁድ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል። ውሃችን ለአሥር ቀን አይበቃም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከድር ስክሪኑን አፍጥጦ ያያል። «እነዚህ ሰዎች ሳምንታቸው በምን ቀን ነው የሚጀምረው?» አለ።

«ምን አገባኝ ከድር!»

በሳተላይት ስልኩ ደጋግሞ ሞክሮ አገኛቸው። የእነሱ ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው፣ የእኛ ኤዲተር ደግሞ ሰኞ። እነሱ የሚሉት እሁድ የዛሬ ሦስት ቀን ነበር። ዝም ብለን ብንቀመጥ አውሮፕላኑ ጥሎን ይሄድ ነበር።

ስልኩን እንደዘጋ ጥቂት መስመር ኮድ ጻፈና የሳምንቱን ቁጥር አጠፋው። በቦታው ቀኑና የሚወጣው ሰው ስም እንዲመጣ አደረገ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። «የሄለን ሳምንት፦ እሁድ ትወጣለች» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «የከድር ሳምንት፦ ኢንሻአላህ»።

«አንተም እኮ እሁድ ነህ» አልኩት።

«ሬዲዮውን ማን ይይዛል?» አለኝ። ቦታውን ወባ ለያዛት የሥራ ባልደረባችን ሰጥቷት ነበር።

እሁድ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰን እሱ ነው። መንገድ ላይ ታጣቂዎች ሁለት ቦታ አስቆሙን። ሁለቱም ቦታ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በቀስታ «ሰላም አለይኩም» አለ፤ አሳለፉን። ልጄ አዲስ አበባ በሰላም ተወለደች። እሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የወጣው። እኔ ወደዚህ ስመለስ ቀድሞኝ ተመልሶ ነበር።

ከድሬ፣ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እዚሁ ጁባ ትቀበራለህ። እህትህ ከደሴ ደውላ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ፈርቶ ይሆን?» አለችኝ። «አልፈራም፣ ወዲያው ነው ያለፈው» አልኳት። የማውቀው ነገር የለም። ከስልኩ በኋላ የማስበው ጥያቄዋን ብቻ ነው።

ዋሽቼባት ከሆነ አፉ በለኝ። አላህ በራህመቱ ይቀበልህ፣ ወንድሜ። ደህና ሁን።