የዮፍታሄ ቲሸርቶች

ሙሉብርሃን ጎረቤቴ ናት። በእኛ ሰፈር ፎቶ በልብስ ላይ የምታትም እሷ ብቻ ነበረች። በካውያ ጀመረች፤ ኋላ እዚያው መቱ ከተማ፣ ሳሎኗ ውስጥ ፕሪንተርና በሙቀት የሚጫን ማሽን አስገባች። ፎቶውን በወረቀት ታወጣና ቲሸርቱ ላይ አስተኝታ ትጫነዋለች፤ ወረቀቱ ሲላጥ መልኩ ጨርቁ ላይ ይቀራል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲመረቁም፣ ሠርግ ሲደገስም ወደ እሷ ነው። የሚበዛው ግን የለቅሶ ነው። ወጣት ሲሞት ጓደኞቹ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቀብሩታላ።

ላተመችለት ሁሉ "ገልብጣችሁ እጠቡት፣ በቀዝቃዛ ውሃ፤ አለዚያ ፊቱ ይጠፋል" ትላለች። ማን ሰምቷት!

አንድ ልጇ ዮፍታሄ ባጃጅ ነጂ ነበር። በክረምት ከሁሩሙ ሲመለስ ባጃጁ ተገልብጦ ሞተ። ጓደኞቹ ነጭ ቲሸርት ተሸክመው መጡና ደጃፉ ላይ ተገትረው ቀሩ፤ እንዴት ብለው እናቱን "አትሚልን" ይበሉ? እኛ ሴቶቹ ይዘናት ነበር።

"ልቀቁኝ! ልጄን ሌላ ሰው ሊያትምልኝ ነው?" ብላ ተነሳች።

እያለቀሰች አተመች። ወረቀት በላጠች ቁጥር ዮፍታሄ እየሳቀ ይወጣል። እንደዚያ ቀን ማሽን ጠልቼ አላውቅም። ሲያልቅ ማሽኑን አንሶላ አለበሰችው፤ ከዚያ በኋላም አልነካችውም።

ከአርባው በኋላ ይዣት ገበያ ስንወርድ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቀጥ አለች። ሠራተኛው የዘይት እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ላይ ዮፍታሄ ይስቃል። የሞተ ተጎዳ ማለት ይኼ ነው። እኔ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ስሳደብ፣ እሷ ጨርቁን ለምና ተቀበለችና ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

"ልጄ መወልወያ ሆኖ አያልቅም" አለች።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ቲሸርት መሰብሰብ ሆነ። ፊቶቹን ቆርጣ እየገጣጠመች የአልጋ ልብስ ልትሰፋ ነው። በየቤቱ አብሬያት ዞርኩ። አንዳንዶቹ እንደተጣጠፈ ከሳጥን ያወጡላታል፤ ቀለሙ ገና የታተመ ዕለት እንደነበረው ነው። "አየሽ እንዴት እንደጠበቁልኝ!" ትለኛለች፤ እንባዋ እየወረደ ትመርቃቸዋለች።

የቀረው የፋኦል ብቻ ነበር። ከልጅነታቸው አብረው ያደጉ ናቸው፤ ዮፍታሄም ፋኦልም የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነበር፤ ሙሉብርሃንንም እንደ እናቱ በኦሮምኛ "ሃርሜ" ነው የሚላት። ግን እኛን ሲያይ ባጃጁን አዙሮ ይሄዳል። ሙሉብርሃን በጣም አዘነችበት። "ያጎረስኩት ልጅ! እሱም ጥሎት ነው የሚሸሸኝ" አለች። እኔማ ፊት ለፊት ልነግረው ስድቤን አዘጋጅቼ ነበር።

አንድ ጠዋት ባጃጅ ተራ ላይ ያዝነው። በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

"ቲሸርቱን ስጠኝ" አለችው።

አንገቱን ደፋ። "ሃርሜ፣ ይቅር ይበሉኝ። አበላሸሁት። ምን ብዬ ላሳይዎት?" አለና ጃኬቱን ከፈተ።

ቲሸርቱን ለብሶታል። ደረቱ ላይ ግን ምንም የለም፤ ነጭ ጨርቅ ብቻ።

"ሥራ ስወጣ ሌላ ልብስ አልለብስም። ማታ አጥባለሁ፣ ጠዋት እለብሳለሁ። እንዳሉኝ ገልብጬ ነው ያጠብኩት፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ግን ሄደብኝ፣ ሃርሜ።"

ስድቤን ዋጥኩት። ሙሉብርሃን መዳፏን ባዶው ደረቱ ላይ አሳረፈች። እዚያው ባጃጅ ተራ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ አቅፋው አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የመረቀቻቸው ሰዎች ቲሸርት ላይ ፊቱ ያልጠፋው ለምን እንደሆነ ሁለታችንም ያን ጊዜ ገባን።

ባዶውን ቲሸርት ወስዳ የአልጋ ልብሱ መሐል ላይ ሰፋችው። ከዚያ ማሽኑን ከአንሶላው ገለጠችና ለፋኦል አዲስ አተመችለት። ስለ አጠባቡ ግን ምንም አላለችውም።