አጎቴና የፈረንሳይኛው ዘፈን

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በወጣትነታቸው ጅቡቲ ወደብ ሲሠሩ ጊታር መምታትና አንድ የፈረንሳይኛ ዘፈን ተምረው፣ ጊታራቸውን ይዘው ወደ ሮቤ ተመለሱ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ፣ ዙሁር ሰግደው ሱቃቸውን ሲከፍቱ ሁልጊዜ ያንን ዘፈን ያንጎራጉሩ ነበር። ድምፃቸው ግን ከባንኮኒው አያልፍም።

"አጎቴ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉ እንጂ፤ አይሰማም እኮ!" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይሄ አጠገብሽ ላለ ሰው የሚዘፈን ነው። መስማት የፈለገ ይቅረብ።"

ቀርቤ ተቀመጥኩ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ተረጎሙልኝ። ሰውየው ለሞተችው ሚስቱ የሰፈሩን ወሬ ይነግራታል፤ ዝናቡ እንደ ዘገየ፣ የጎረቤት ልጅ እንደ ተዳረች። "ናፈቅሽኝ" የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። አጎቴ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ካረፉ ወራት አለፉ። ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ የስኳር ማዳበሪያ ተደርድሯል። ወንድሜ ጊታሩን ሊሸጠው ሲነሳ ከለከልኩት።

"ምን ታደርጊበታለሽ? መምታት አትችይ" አለኝ።

"እማራለሁ" አልኩት።

ጎባ የሚኖር የሙዚቃ መምህር አግኝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ተማርኩ። ጣቶቼ ቆሰሉ፤ ፈረንሳይኛውም አፌ ላይ እየተሰበረ አስቸገረኝ። አንድ እሑድ ሱቁ ውስጥ ቤተሰቡ ፊት ዘፈንኩት። ልጨርስ ስል አንድ ክር ተበጠሰ። አላቆምኩም፤ በቀሩት ክሮች ጨረስኩት።

በሳምንቱ ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ ክር አስመጥቶ ሰጠኝ። አንድ አይደለም፤ ስድስቱንም።