የአሰልጣኙ መጥረጊያ

ይኼ ሰውዬ ሊያሳብደኝ ነው። ፉሩሴት ሰፈር የማጸዳው የስፖርተኞች ልብስ መቀየሪያ ጋርደሮብ ውስጥ፣ ተጫዋቾቹ ታጥበውና ልብስ ቀይረው ከሄዱ በኋላ፣ እሱ ብቻ መጥረጊያ ይዞ ይጠብቀኛል። የራግቢ አሰልጣኝ ነው፤ ያንን ሞላላ ኳስ ይዘው ጭቃ ላይ የሚተሻሹበትን ጨዋታ ያሠለጥናል። ጃኬቱ የሮማኒያ፣ ኮፍያው የኬንያ፣ ካልሲው የፊጂ ነው፤ የሠራባቸው አገሮች ሁሉ አንዳንድ ልብስ አልብሰው የሸኙት ይመስላል። ኖርስኩም፣ የኖርዌይ ቋንቋው ማለቴ ነው፣ እንደ ልብሱ ከየአገሩ የተለቃቀመ ነው።

በራግቢ ወግ ጋርደሮቡን የሚጠርገው ቡድኑ ራሱ ነው አሉ። ጥሩ ወግ ነው። ግን እርጥብ ጭቃ በደረቅ መጥረጊያ ይጠረጋል? ከዚህ ጥግ ወስዶ እዚያ ጥግ ይለቀልቀዋል፤ እኔ ደግሞ አንዱን ወለል ሁለቴ እወለውላለሁ።

ትናንት ትዕግሥቴ አለቀ። «ኧረ ተወው! ሥራዬ ነው፣ አንተ ቤትህ ሂድ!» አልኩት።

«ኔይ፣ ኔይ፣ አይሆንም» አለ ቀና ሳይል። «አሰልጣኝ መቼ እንደሚባረር አያውቅም። ቆሻሻውን ጥሎ ሄደ እንዲሉኝ አልፈልግም።»

«ቤትህንም እንዲህ ነው የምትጠርገው?»

መጥረጊያው ቆመ። «ቤቴን እንኳ አንድ ቀን ጠርጌ አላውቅም። ሁልጊዜ ሌላ አገር ነበርኩ። ስመለስ ሌላ ወንድ ሲጠርገው አገኘሁ።»

መጥረጊያውን ልነጥቀው የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ። አግዳሚ ወንበሩ ሥር የቀረችውንም ጭቃ ለቅልቋት እስኪወጣ ጠበቅኩና፣ ወለሉን እንደገና ወለወልኩ።