የሻርፔ ጫፍና ገና ያልወጣው ጆይስቲክ

ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ... ትልቅ ሴትዮ ሆኜ ጌም እጫወታለሁ። ኳስ። ያውም ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ፈትያ ጌም ቤት።

ማፈሪያው ግን እሱ አይደለም። ማፈሪያው፣ ጆይስቲኩን አንድም ቀን በባዶ እጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። በሻርፔ ጫፍ ጠቅልዬ ነበር የምይዘው። ሾፌሮቹ ወንድ የያዘውን ላለመንካት ይመስላቸዋል። «ማሻ አላህ፣ ሴት እንዲህ ናት» ይሉኛል። እኔም አላርማቸውም። እውነቱን ልንገራችሁ?... ይቀፈኛል።

ብታዩት ትፈርዱልኝ ነበር። ፈትያ እንዳይበላሽባት ብላ ጆይስቲኮቹን እንደ ቲቪ ሪሞት በላስቲክ ጠፍራቸዋለች። ሰዎቹ ከበርበራ ወደብ ሲመለሱ ሩዙን ከነሙዙ በእጃቸው ይበሉና፣ ጣታቸውን ልሰው ጨዋታ ይጀምራሉ። ላስቲኩ ውስጥ ሾልኮ የገባው ቅባት ወዲያ ወዲህ ሲንሸራሸር በዓይኔ አይቻለሁ። ቁልፎቹ ሥር የደረቀ ገራባ፣ የጫት ትራፊ፣ አለ። የማን አፍ ውስጥ እንደነበር አላህ ይወቀው።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስገባ ጨዋታው ቆሟል። ሁሉም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ገና ያልወጣው የአዲሱ ጌም ጆይስቲክ ነው የተባለ፣ ብዥ ያለ ፎቶ።

«ቁልፍ የለውም አሉ» አለ አብዱ፣ የስልኩ ባለቤት፣ ወሬ አቀባያችን። «ልሙጥ ነው። እንደ ስልክ በቆዳህ ነው የሚያውቅህ።»

«አቦ ተወን። ቁልፍ ከሌለው በምን ልትመታ ነው? በዱዓ?» አለው ጓደኛው።

«ወላሂ ላብህን ሁሉ ይለካል። ስትፈራ ይንቀጠቀጣል ተብሏል።»

«ያንተማ ከእጅህ አምልጦ ይሮጣላ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፈትያ ብቻ አልሳቀችም። «ላስቲኩስ?»

«ላስቲክማ አይሠራም። ባዶ እጅ ብቻ።»

«ታዲያ ማን ሊያጥበው ነው?» አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

እኔም በሆዴ የምለው እሱን ነበር። ያኔ ጋሽ ሱልጣን፣ የሾፌሮቹ ሽማግሌ፣ ጉንጫቸው በጫት እንደተወጠረ ወደ እኔ ዞሩ።

«ባዶ እጅ ከሆነማ እህታችን መጫወቷ ቀረ» አሉ አዝነው።

ሁሉም እንደ ለቅሶ ቤት አየኝ። እኔም... ምን ላድርግ፣ አንገቴን ደፋሁ።

«አይቀርባትም!» አሉ ጋሽ ሱልጣን። «ለብቻዋ አንድ ይመደብላታል፣ ወንድ የተባለ አይነካውም። አዲሱም ሲመጣ እንደዚያው። ይኸው ከዛሬ ጀምሮ።»

ፊታቸው የነበረውን ጆይስቲክ አነሱና ላስቲኩን ገፈፉት። እሰይ፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ እንትፍ አሉበት።

አረንጓዴ ነው። በሽርጣቸው ጫፍ ጥርግ ጥርግ አደረጉት። ጥጋጥጉን በጥፍራቸው ፈለፈሉት። አልጠራ ሲላቸው ደግመው እንትፍ። ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው፣ እንደ ትልቅ ስጦታ፣ ዘረጉልኝ።

«ንጹህ አድርጌልሻለሁ። ከእንግዲህ ያንቺ ነው፣ ሳትሳቀቂ ያዢው።»

ሻርፔን ልስብ ስል ፈትያ በዓይኗ ያዘችኝ። የቤቷ እንጀራ እነዚህ ሰዎች ናቸው። «ተጸየፈችን» ብለው ከተነሱ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ጌም ቤት አለ። ደግሞስ ምን ብዬ ልሸፍነው? ወንድ አይነካውም ተብሏል። ሰበቤ እዚያው አለቀ።

በባዶ እጄ ተቀበልኩ።

ይሞቃል... እርጥብ ነው። «ጀዛከላህ» አልኩ፣ ጥርሴን ገጥሜ።

ከዚያ ያየሁትን ሽንፈት አልነግራችሁም። አውራ ጣቴን ከቁልፉ አንስቼ ይዤ እንዴት ልምታ? ጋሽ ሱልጣን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ሻርፑ ይዞሽ ይመስለኝ ነበር። ለካ አትችይም።»

ቤቴ ገብቼ እጄን በበረኪና አጠብኩ። በማግስቱም ሩዝ በማንኪያ በላሁ። ፈትያ ግን ምስጋናዋ በዛ፤ አንድም ሾፌር አልቀረባትም።

አሁን ሁሉም አዲሱ ጆይስቲክ ክብ ይሁን ጠፍጣፋ፣ ቁልፍ ይኑረው አይኑረው ይከራከራል። ጋሽ ሱልጣን የእኔን ራሳቸው ሊያጸዱልኝ ቃል ገብተዋል። እኔ ቅርጹ ግድ የለኝም፤ ዱዓዬ አንድ ነው፣ እርጥበት ሲነካው የሚበላሽ ይሁንልኝ። መጥቶ እጄ የገባ ዕለት፣ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።